ቢልትሞርን ለገና፣ ተራራውን ለማግስቱ

በገና እረፍት ልጆችና ወላጅ ይዛችሁ የት እንደምትሄዱ ግራ ለገባችሁ፣ በተለይ አትላንታና ሻርሎት አካባቢ ላላችሁ፣ የአሽቪልን ጉዞ ልንገራችሁ። አሽቪል በሰሜን ካሮላይና ተራሮች መሃል ያለች ከተማ ናት። ከአትላንታ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ትርቃለች። እኛ የሄድነው ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ከመጣችው እናቴ ጋር ነው። አስተያየቴን ከወዲሁ ልናገር። ቢልትሞር የተባለው ቤት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሊታይ ይገባዋል፣ የሚከፈልበትም ዋጋ አለው። ተራራው ግን በየዓመቱ ቢሄዱበት አይጠገብም። አብዛኛው ደግሞ በነፃ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ ከሞከራችሁ ሁለቱንም ሳታዩ ትመለሳላችሁ።

ቤቱን ያሠራው ጆርጅ ቫንደርቢልት ነው። አያቱ በመርከብና በባቡር ከፍተኛ ሀብት ያፈሩ ሰው ነበሩ። ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1888 ከእናቱ ጋር ለአየር ለውጥ ወደ አሽቪል መጣ፣ ተራራው ልቡን ወሰደው፣ መሬት መግዛት ጀመረ። ግንባታው በ1889 ተጀምሮ በ1895 የገና ዋዜማ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ተቀበለ። እኔ ዓመቱን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለኝ ዓድዋ ነው። እዚህ ለዚያ የገና ግብዣ ሽር ጉድ ሲባል፣ እኛ ዘንድ የአምባላጌ ውጊያ ካለፈ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ዓድዋ ደግሞ ሁለት ወር ቀርቶታል። ለልጆቼ እንደዚያ ብዬ ስነግራቸው ነው ዘመኑ በደንብ የገባቸው።

ቤቱ 250 ክፍሎች አሉት። የእሳት ማንደጃው ብቻ 65 ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ 43። አሜሪካ ውስጥ በግል ከተያዙ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ ትልቁ ነው፣ ዛሬም በዘር ልጆቹ እጅ ነው ያለው። በ1930 ለሕዝብ የተከፈተው ያ ክፉ የኢኮኖሚ ቀውስ በመጣ ጊዜ፣ ከተማዋ እንግዳ እንድታገኝ ታስቦ ነበር።

ከበሩ እስከ ቤቱ ሦስት ማይል ያህል በዛፍ መሃል ትነዳላችሁ። መንገዱን የቀየሰው የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት አንዱ የሆነው ፍሬደሪክ ሎው ኦልምስቴድ ነው። ሆን ብሎ ቤቱን እስከ መጨረሻው ደብቆታል። ልጆቹ «መቼ ነው የምንደርሰው?» እያሉ ሲነጫነጩ፣ የመጨረሻውን መታጠፊያ አልፈን ቤቱ ሲገለጥ ሁሉም ዝም አሉ። ስለዚህ ስትገቡ አትቸኩሉ፣ ስልካችሁንም አስቀምጡት።

ከውስጥ ክፍሎች ሁሉ ለገና የሚያምረው የግብዣ አዳራሹ ነው። ጣሪያው 70 ጫማ፣ ማለትም 21 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በአንደኛው ጫፍ ሦስት የእሳት ማንደጃዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። መሃሉ ላይ 35 ጫማ የሚሆን እውነተኛ የገና ዛፍ ይቆማል፣ ፍሬዘር ፈር የሚባል ዓይነት። እናቴ ቀና ብላ አየችውና «ይኼስ የግብር አዳራሽ ነው» አለች። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የዛፉን ስም ያዙልኝ፣ ወደ ተራራው ስንሄድ እመለስበታለሁ።

ቤተ መጻሕፍቱ የእኔ ቦታ ነው። አሥር ሺህ ያህል መጻሕፍት በሁለት ደርብ ተደርድረዋል፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ከጣሊያን የመጣ ትልቅ ሥዕል አለ። ከእሳት ማንደጃው ጀርባ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣ ስውር መተላለፊያ አለ፣ እንግዶች ሌሊት ወርደው መጽሐፍ ይዘው እንዲመለሱ። ቤቱን የሠራው ሰው ማንበብ የሚወድ ዝምተኛ ሰው እንደነበር እዚያ ክፍል ቆማችሁ ታምናላችሁ።

እናቴን ያቆማት ግን ምድር ቤቱ ነው። የመዋኛ ገንዳውንና የቦውሊንግ መጫወቻውን ልጆቹ እየጮኹ አዩ፣ እሷ በቁም ነገር አልቆጠረችውም። ወጥ ቤቶቹ ጋ ስንደርስ ግን ቆመች። መጋገሪያው ለብቻ፣ ሥጋ መጥበሻው ለብቻ፣ ማቀዝቀዣው እንደ ክፍል የሚገባበት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ከግድግዳ እየተሳቡ የሚወጡ የእንጨት ማስጫዎች አሉ። «ይኼን ሁሉ አንሶላ ያጠቡት ልጆች ስንት ይከፈላቸው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። የሠራተኞቹን መኝታና የመመገቢያ ክፍላቸውንም አንድ በአንድ አየች። እኔም እላችኋለሁ፣ ሰው ላይኛው ፎቅ ደክሞ ምድር ቤቱን በሩጫ ነው የሚያልፈው። ጉልበታችሁን ለታችኛው ቆጥቡ።

ደረጃው ብዙ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ላይኞቹን ፎቆች በሊፍት ወጣች፣ ወደ ምድር ቤት ግን እጄን ይዛ ቀስ እያለች በደረጃ ነው የወረደችው። ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ ካላችሁ ገና ስትገቡ ለሠራተኞቹ ንገሯቸው። ጫማ ደግሞ ለፎቶ የሚያምረውን ሳይሆን የሚያስኬደውን አድርጉ።

አሁን ስለ ትኬት። ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል፣ የገና ሰሞን ደግሞ ውድ ነው። ቀደም ብሎ የገዛ ይጠቀማል። ትኬቱ ወደ ቤቱ የምትገቡበት ሰዓት አብሮት ይቆረጣል፣ ስለዚህ ሰዓቱን ከጉዟችሁ ጋር አገናዝቡ። ዕድሜያቸው 9 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በነፃ ይገባሉ። ለብዙ ልጆች እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የቀን ትኬትና የምሽት ትኬት አለ። በምሽቱ ቤቱ በሻማና በምድጃ ብርሃን ይታያል፣ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፣ ከፊት ለፊቱ ሜዳ ላይ ያለው ረጅም ዛፍ መብራት በመብራት ይሆናል። አዲስ ተጋቢዎች ወይም ልጆቻቸውን አድርሰው የጨረሱ ሰዎች ምሽቱን ይምረጡ። ልጆችና እናት ለያዘ ግን ቀን ይሻላል እላለሁ። ቀን ጣሪያው፣ ሥዕሉ፣ የእንጨት ሥራው በደንብ ይታያል። በዚያ ላይ የመስኮቶቹ እይታ አለ። በስተምዕራብ ካለው ሰገነት ላይ ቆማችሁ የፒስጋን ተራራ ስታዩ ሰውየው ለምን እዚህ እንደሠራ ይገባችኋል። ይህ በጨለማ አይታይም።

ሕዝቡን ለመሸሽ ከፈለጋችሁ የዲሴምበር መጀመሪያ የሥራ ቀናት ይሻላሉ። ከፈረንጆቹ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት ግር ግር ነው። የእኛን ገና፣ ጃንዋሪ 7ን፣ ጠብቃችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ ደግሞ ማስጌጫው እስከ መቼ እንደሚቆይ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የሚነሳው በዚያው ሰሞን ነው።

ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነ ምግብ አስቀድሞ የሚታሰብበት ነገር ነው። ግቢው ውስጥ ምግብ ቤቶች አሉ፣ አንዱ የድሮው የፈረስ ጋጣ ውስጥ ነው፣ ልጆቹ በጣም ወደዱት። ለጿሚ ግን ከሰላጣና ከድንች ጥብስ ብዙ አትጠብቁ። እኛ ቆሎ፣ ዳቦና ሽሮ ፍትፍት ይዘን፣ ሻይ በፐርሙዝ ቀድተን ነው የሄድነው። ፓርኪንጉ ላይ መኪና ውስጥ በልተን ተመለስን። እናቴም ደስ አላት፣ ኪሳችንም አልተጎዳም።

ሆቴል ላይ አንድ ነገር ልምከር። ያረፍንበት ቤት ስሙ ይቅርና፣ ሊፍት እንደሌለው ሳይነግረን ሁለተኛ ፎቅ ላይ አስያዘን። ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፣ ድረ ገጹ ላይ ባለው ፎቶ አትተማመኑ።

በማግስቱ ተራራ ነው። ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ 469 ማይል የሚረዝም የተራራ መንገድ ነው። ሥራው በ1935 ተጀምሮ በ1987 ነው ያለቀው። መግቢያ አይከፈልበትም፣ የጭነት መኪና አይሄድበትም፣ በሰዓት ከ45 ማይል በላይ አይነዳበትም። እዚያ መንገድ ላይ መድረሻ ብላችሁ አትውጡ። ማየት ነው ሥራው። ግን ክረምት ላይ በረዶ ሲይዝ ክፍል ክፍሉን ይዘጉታል። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ በየዕለቱ ይወጣል። ጠዋት ቡናችሁን እየጠጣችሁ እዩት።

እኛ በሄድንበት ጠዋት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ባለቤቴ ካርታውን አይቶ ዝቅ ባለው መንገድ፣ በብሬቫርድ በኩል በ276 ቁጥር መንገድ ወደ ፒስጋ ደን ወሰደን። እውነቱን ለመናገር የጉዞው ምርጥ ቀን እሱ ሆነ። ሉኪንግ ግላስ የሚባለው ፏፏቴ ከመንገዱ ዳር ነው። 60 ጫማ፣ 18 ሜትር ያህል ይወርዳል። እናቴ አንድም ደረጃ ሳትወርድ ከላይ ሆና አየችው። ልጆቹ እስከ ታች ወረዱ፣ ዳር ዳሩ ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ ነበር። በበጋ ከሆነ ትንሽ ከፍ ብሎ ልጆች በውሃ የሚንሸራተቱበት ትልቅ አለት አለ።

ቤቱና ተራራው አንድ ታሪክ መሆናቸው የገባኝ እዚያ ደን ውስጥ ነው። ቫንደርቢልት መሬቱን ሲገዛ ጫካው ተጨፍጭፎ፣ እርሻው ተሟጦ ነበር። ኦልምስቴድ ደን አልማበት ብሎ መከረው። በ1892 ጊፈርድ ፒንቾ የሚባል የደን ባለሙያ ቀጠረ፣ በኋላም ካርል ሼንክ የተባለ ጀርመናዊ በ1898 የደን ትምህርት ቤት ከፈተበት። ከአሜሪካ የደን ትምህርት ቤቶች ቀዳሚው ነው የሚባለው። በዚያው ዘመን አካባቢ እኮ አዲስ አበባም ማገዶ አጥሯት ምኒልክ ባሕር ዛፍ አስመጥተዋል። እናቴ እንጦጦ ሥር ነው ያደገችው፣ ይህን ስነግራት ቅጠል ጠርጋ ያደገችበትን ዳገት እያነሳች ስታጫውተን ዋለች።

ቫንደርቢልት በ1914 ሲሞት ርስቱ 125,000 ኤከር ያህል ደርሶ ነበር። ባለቤቱ ኢዲት በዚያው ዓመት 87,000 ኤከር የሚጠጋውን ለመንግሥት ሸጠች። ዛሬ ፒስጋ ብሔራዊ ደን የምንለው ከዚያ ነው የተነሳው። ቤቱን ለማየት ትኬት ትቆርጣላችሁ፣ የቤቱ ጓሮ የነበረው ጫካ ግን የሁሉም ሰው ሆኗል። በእኔ ዓይን ትልቁ ሥራው ያ ነው።

ማውንት ሚቸልን በመጸው ነው ያየነው፣ ቅጠሉ ሲቀላ። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ከፍተኛው ተራራ ነው፣ 6,684 ጫማ፣ 2,037 ሜትር። ጫፉ ድረስ በመኪና ይቀርባል፣ ከዚያ ጥቂት እግር ጉዞ ነው። እናቴ ከፍታውን ስትሰማ ገረማት። አዲስ አበባ እኮ ከዚህ ትበልጣለች! ብርዱ ግን የዋዛ አይደለም፣ ነፋሱ አጥንት ይገባል። ጋቢ ያላችሁ ጋቢ፣ የሌላችሁ ደህና ጃኬት ያዙ። ያ አዳራሹ ውስጥ የሚቆመው ፍሬዘር ፈር በተፈጥሮው የሚበቅለው እነዚህ ጫፎች ላይ ነው። ከውጭ የገባ ጥቃቅን ተባይ ብዙዎቹን አድርቋቸዋል፣ ግራጫ ግንዳቸው ቆሞ ይታያል። ከሥራቸው አዲሶቹ እየበቀሉ ነው።

ሴፕቴምበር 2024 ላይ ሔሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ይህን አካባቢ ክፉኛ ጎድቶታል። ቢልትሞር ኖቬምበር 2 እንደገና ተከፍቷል። ቺምኒ ሮክ የሚባለው ዝነኛ አለት ያለበት ፓርክ ደግሞ የተከፈተው ጁን 2025 ላይ ነው። ወደዚያ ከመንዳታችሁ በፊት ክፍት መሆኑንና ቦታ ማስያዝ እንደሚያስፈልግ እዩ። የከተማዋ ሰው እንግዳ ይፈልጋል፣ ቡናችሁንም ስጦታችሁንም ከትናንሽ ሱቆች ግዙ።

ሦስተኛ ቀን ያላችሁ ወደ ግሬት ስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሂዱ። በቼሮኪ ከተማ በኩል ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጥ ይላል። መግቢያው በነፃ ነው፣ መኪናችሁን ከ15 ደቂቃ በላይ ካቆማችሁ ግን የቀን 5 ዶላር የፓርኪንግ ምልክት ግዙ። ኦኮናላፍቲ ሜዳ ላይ ማለዳና ሊመሽ ሲል ኤልክ የሚባሉት ትላልቅ አጋዘኖች ይወጣሉ። ቢያንስ 50 ያርድ ራቁ፣ ልጆቻችሁንም ያዙ። በፓርኩ ውስጥ ከሁሉ ከፍ ወደሚለው ወደ ኩዎሂ ጫፍ የሚወስደው መንገድ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ለመኪና ዝግ ስለሆነ እሱን ለፋሲካ እረፍት አቆዩት።