ቀሪቦ ለተማሪዎች ድግስ፦ ከብርዝና ከማልት ጋር ሲመዘን

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የድግስ ድንኳን ውስጥ ጠላና ቀሪቦ (ከተቆላ ገብስ፣ ከስኳርና ከእርሾ የሚጠመቀው መጠጥ) ጎን ለጎን መቅረባቸው የቆየ ልማድ ነው። ወሎ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ሰርግ ስለሚታደም፣ ጠላ ለማይጠጣው እንግዳ የሚሆን መጠጥ ሳይታሰብበት አይቀርም። ከማይጠጡት ወገን መቆጠር የነበረባቸው ልጆችና ተማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲያልቅ፣ በምርቃት ሰሞን፣ በግቢ የከለር ዴይ ዕለት፣ ብዙ ልጅ የመጀመሪያ ብርጭቆውን የሚያነሳው እንዲህ ባለው ቀን ነው፤ የሚቀዳለትም አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ሰው ነው። ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ድንኳን ውስጥ ግን ሻጭ የለም፤ ያለው አስተናጋጅ ነው። ስለዚህ እዚህ የተመዘኑት ሦስት መጠጦች አስተናጋጁ በእጁ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ናቸው፦ ቀሪቦ፣ ብርዝ (በውሃ የተበረዘ ማር) እና የታሸገ ማልት።

ከሦስቱ የምንመርጠው ቀሪቦን ነው። ርካሽ ነው፣ ለብዙ ሰው ይዳረሳል፣ የተቆላው ገብስ ጠረንና መራራነት ከለስላሳ የተለየ የትልቅ ሰው መጠጥ ያስመስለዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም፤ የ17 ዓመት ጎረምሳ እንደ ሕፃን ብርቱካን ጭማቂ ሲሰጠው ቅር ይለዋል፣ ቀሪቦ ሲቀዳለት ግን ከአባቱ ጋር እኩል እንደተስተናገደ ይሰማዋል። ሆኖም "ቀሪቦ አልኮል የለውም" የሚለው አባባል የሚሠራው ስኳሩ ተለክቶ ሲጠመቅ ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጠላ ውስጥ ብቅል ስለሚገባ የእህሉ ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፣ እርሾው ያንን ይበላል። የቀሪቦ ገብስ ግን እስኪጠቁር ስለሚቆላ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ነገር በእሳቱ ሞቷል፤ ከገብሱ ለእርሾ የሚሆን የሚወጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ የቀሪቦ አልኮል ከሞላ ጎደል ከምንጨምረው ስኳር የሚመጣ ነው። እርሾ ስኳርን ሲበላ ግማሹን ያህል አልኮል፣ ግማሹን ያህል ጋዝ ያደርገዋል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ገደማ ስኳር ሲበላ መጠጡ 1 በመቶ አልኮል ይይዛል። አሁን ለ10 ሊትር አንድ ኪሎ ስኳር ከእርሾው ጋር አንድ ላይ ተጨምሮ ጀሪካኑ ታስሮ ቢቀመጥ ምን እንደሚሆን ማስላት ነው፦ በሊትር 100 ግራም ማለት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ሲበላ ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። ይህ ከጠርሙስ ቢራ አያንስም።

አንድ ሌሊት ብቻ ባደረ ቀሪቦ እርሾው ገና ጥቂቱን ነው የበላው፣ ጉዳቱም ትንሽ ነው። የሚበላሸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ ለሰርግ ሐሙስ የተጠመቀው እሑድ መልስ ላይ ሲቀዳ ሌላ መጠጥ ሆኗል። እዚህ ላይ የአየሩ ነገር አለ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ እርሾን ያቀዘቅዘዋል። ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ብትሆንም ከፍታዋ 1850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የእርሾ ፍጥነት እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ ደሴ ላይ ለክተው የለመዱትን ሰዓት ኮምቦልቻ፣ ይልቁንም ባቲና ከሚሴ ወስዶ መጠቀም አይሠራም።

በሰዓት ከመጨነቅ ስኳሩን ለሁለት መክፈል ይሻላል። የድሮ ባለሙያዎችም ከመቅዳታቸው በፊት ስኳር ጨመር የሚያደርጉ አሉ፤ መልካም ልማድ ነው፣ መጠኑ ብቻ መታወቅ አለበት። ለ10 ሊትር አንድ ኪሎ ያህል ገብስ እስኪጠቁር ይቆላል፤ ከሰል እስኪሆን አይደለም፣ ከዚያ ካለፈ ምሬቱን ለመሸፈን ስኳር መደረብ ይመጣል። በፈላ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀቀልና በንጹሕ ነጠላ ይጠለላል። እጅ የሚችለው ለብታ እስኪሆን ይቀዘቅዝ፤ በትኩሱ እርሾ ከተጨመረ እርሾው ይሞታል፣ ከዚያ "አልነሳም" ተብሎ ሌላ እርሾና ሌላ ስኳር ይደረባል፣ ልኩም እዚያ ላይ ይጠፋል። ሲለበብ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾና 70 ግራም ስኳር ብቻ ይግባ፤ 70 ግራም ማለት አምስት ተኩል ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ ነው። በሊትር 7 ግራም ስለሚደርስ እርሾው ሁሉንም ቢበላው እንኳ አልኮሉ 0.4 በመቶ አካባቢ ይቆማል፤ ገብሱ ከሚያዋጣው ጥቂት ጋር ከ0.5 በመቶ ብዙም አይርቅም። በብዙ አገሮች አልኮል አልባ የሚባለው ልክም 0.5 በመቶ ነው። በማግስቱ አምቡላው ሳይነካ ከላይ ይቀዳል። የሚያጣፍጠው ስኳር ጀሪካኑ ውስጥ አይጨመርም፤ ሊቀዳ ሲል በጆግ ውስጥ ይማሰል፣ ለሁለት ሊትር ጆግ 100 ግራም ይበቃል። ጆጉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ፣ እርሾው አሁንም ሕያው ነውና።

ቤት ሳይጠምቁ ከሰፈር ባለሙያ በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ለሚገዙ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። "እትዬ፣ ይሄ መቼ የተጠመቀ ነው?" እና "ስኳሩን በአንዴ ነው ወይስ አሁን ነው የጨመሩት?" ባለሙያ የሆነች ሴት ይህን ስትጠየቅ አትቆጣም፣ ሥራዋን የሚያውቅ ደንበኛ እንደመጣ ይገባታል። ከዚያ በዓይን ማየት ነው፦ የጀሪካኑ ጎን ወደ ውጭ ተነፍቶ ከሆነ፣ የሃይላንዱ ክዳን ሲላላ ግማሹ አረፋ ሆኖ የሚፈስ ከሆነ፣ ብዙ ስኳር ተበልቷል። በተቃራኒው አረፋ ማጣት ዋስትና አይሆንም፤ ክዳኑ ክፍት በነበረ ዕቃ ውስጥ ጋዙ ይወጣል፣ አልኮሉ ይቀራል። ምላስ የሚነግረው ይሻላል፦ ትናንት ጣፋጭ የነበረው ዛሬ ጣፋጭነቱ ቀንሶ ጉሮሮ ላይ ሞቅ ካለ ለልጅ አይቀዳ። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሃይድሮሜትር (ፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ እፍጋቱን የሚለካ መሣሪያ) ካለ ይጠቀምበት። ስኳሩ ገብቶ እርሾ ሳይጨመር አንዴ፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ስኳር ሳይደረብ ሁለተኛ ይለካ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.004 ካልበለጠ አልኮሉ ከ0.5 በመቶ ብዙም አይርቅም። ናሙናው ከመለካቱ በፊት ጋዙ እስኪወጣ ይማሰል፣ አለዚያ አረፋው መለኪያውን ወደ ላይ ገፍቶ ያሳስታል፤ ሁለቱም ንባብ በአንድ ሙቀት ይሁን።

ሌላው የቀሪቦ ድክመት መልኩ ነው። ከጠላ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ በተመሳሳይ ጆግ ከተቀዳ አስተናጋጁ ራሱ ይሳሳታል። የልጆቹ ጆግ በቀለም ይለይ፣ አንድ አዋቂ ሰው ብቻ ይቅዳ። ጀሪካኑ ጓሮ አይቀመጥ፤ በ10 ሊትር ቀሪቦ ላይ ግማሽ ሊትር 45 በመቶ አረቄ ቢደፋበት መጠጡ ከ2 በመቶ በላይ ይሆናል፣ የገብሱ ምሬትና ስኳሩ ስለሚሸፍኑት ማንም አያውቀውም። እንዲህ ያለ "ቀልድ" በጎረምሶች ድግስ ላይ ይደረጋል፣ የሚጎዳውም ምንም የማያውቀው ልጅ ነው።

የጫት ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። ቅሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ፍለጋ ወደ ቢራና አረቄ የሚሄድ ወጣት ስካሩ አይሰማውም፤ ጫቱ ስላነቃው ልኩን አያውቅም፣ ከአቅሙ በላይ ይጠጣል። ቀሪቦ ምርቃና አይሰብርም፣ እንደ መፍትሔም ሊሸጥ አይገባም። ለዚህ የሚያስፈልገው ምግብ፣ ውሃና እንቅልፍ ነው፤ ይበልጡን ደግሞ ከሰዓት የሚሄድበት ሌላ ቦታ ማግኘቱ።

ብርዝ ጣዕሙ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ እጅ ማር በአምስት እጅ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ ሌላ ምንም። ጌሾ ከገባበት ወደ ጠጅ መንገድ ጀምሯል። ጥሬ ማር የራሱ እርሾ ስላለው የዛሬ ብርዝ ዛሬ ይጠጣ፤ ሁለትና ሦስት ቀን ከቆየ መፍላት ይጀምራል፣ ስኳሩም ብዙ ነው። በማር ዋጋ ለትልቅ ድግስ አይታሰብም፣ ለቤተሰብ ግን ግሩም ነው።

የታሸገ ማልት፣ ሶፊንና ሰንቅን የመሰሉት፣ በአልኮል በኩል ከሁሉም አስተማማኝ ነው፤ የሚለካው ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ ማንም ስኳር አይደርብበትም። ጣፋጭነቱ ከለስላሳ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ከመለያው ማንበብ ይቻላል። ጠርሙሱ ቆርኪው ሳይነካ ጠረጴዛ ላይ ይምጣ፣ እዚያው ይከፈት። ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጆች ግን አናቀርበውም፤ ከቢራ ጋር የሚመሳሰል ጠርሙስና ጣዕም ያንን ዕድሜ ያለማምዳል የሚል እምነት አለን። አንጎል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ እያደገ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ሰፊ ጥናትም 15 ሳይሞላቸው መጠጣት የጀመሩት፣ ሃያ አልፏቸው ከጀመሩት ይልቅ ኋላ ላይ የመጠጥ ጥገኛ የመሆን ዕድላቸው አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። ልማዱ አንድ ዓመትም ቢዘገይ ለልጁ ትርፍ ነው።

ለ50 ተማሪ ምርቃት፣ ለአንድ ሰው ሦስት ባለ 250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ታስቦ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀሪቦ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጀሪካን 140 ግራም ስኳርና ሁለት የሻይ ማንኪያ እርሾ ከዋዜማው ምሽት፣ ለጆጉ ማጣፈጫ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ቀሪቦ ለማይወዱ ትልልቆቹ አንድ ሳጥን ማልት፣ ከዚያ የፈለገውን ያህል ንጹሕ ውሃ። ደሴ ላይ ማታ 12 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ ላይ ማታ 3 ሰዓት ቢጠመቅ ለማግስቱ ምሳ አረፋው ልኩ ላይ ይሆናል። ከድግሱ የተረፈውን የተጣፈጠ ቀሪቦ ለነገ ልጆች ብሎ ማሳደር አያስፈልግም፣ ይደፋ።