ዘጌ ሂዱ፣ የጀልባውን ሒሳብ ግን ስትመለሱ ክፈሉ

ባሕር ዳርን ካየሁ 11 ዓመት ሆኖኝ ነበር። ለገና ከቶሮንቶ ስመጣ እማዬን ይዤ ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ዘጌ ሄድኩ። ጠዋት በመኪና አፋፍ የምትባለው ከተማ ደረስን፤ ከዚያ በጫካው ውስጥ በእግር ወደ ሐይቁ ወረድን።

መንገዱ ልብ ያሳርፋል። ከላይ ብርብራና ዋንዛ፣ ከሥር ቡና። ደጃፍ ላይ የተሰጣው ቡና ሲሸተኝ የአያቴ ቤት ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። አስጎብኚያችን የዘጌ ልጅ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ዱላውን ለእማዬ ሰጥቶ፣ «እማማ፣ ሥሩን ይርገጡ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል» እያለ ቀስ አድርጎ አወረዳት። የዘጌን ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ እዚያ በበሬ አይታረስም ይባላል። ጫካው እስካሁን መቆሙ ለዚህ ነው አለን። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስንደርስ እማዬ ከሥዕሎቹ ፊት አልነቃነቅ አለች።

ያናደደኝ መመለሻው ነው። ለጀልባው በዋዜማው ባሕር ዳር ላይ በ3,000 ብር ተስማምተን፣ አምኜ ሙሉውን ከፍያለሁ። ቀጠሯችን ስምንት ሰዓት ነበር። ስምንት ተኩል ስደውል ባለጀልባው «መንገድ ላይ ነኝ» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩን ዘጋ። ነፋሱ ተነሣ፣ ሐይቁ መናወጥ ጀመረ። ወደ አፋፍ ተመልሶ ለመውጣት ደግሞ የእማዬ ጉልበት አልቋል። የመጣው አሥር ተኩል ላይ ነው። ይቅርታ እንኳ ሳይል «ነዳጅ በጥቁር ገበያ ነው የገዛሁት፣ 1,500 ጨምሩ» አለ። የተስማማነውን ባስታውሰው «ከውጭ መጥታችሁ ለዚህች ትከራከራላችሁ?» አለኝ። ያቺ ቃል እስካሁን ታመኛለች። እኔም እዚያ ሌሊት እየሠራሁ ነው ያጠራቀምኩት። ቶሮንቶ ወደ ደሴቶቹ የሚወስደው ጀልባ ሰዓቱም ዋጋውም ተጽፎ ይታያል፤ ሀብታም ነህ ድሃ ነህ የሚል የለም። ሊመሽ ስለሆነ ከፈልኩ።

አስጎብኚው ግን ሒሳቡን ተቀብሎ ጨርሶ ሳለ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አብሮን ተቀመጠ። ባለጀልባውንም ስለኛ ተከራከረልን። አንዲት እናት ከቤታቸው ጀበና ይዘው ወርደው እስከ ሦስተኛ አጠጡን፤ ገንዘብ ስሰጣቸው «እንግዳ አይደለሽም እንዴ፣ ልጄ!» ብለው እጄን መለሱት።

የምትሄዱ ሰዎች፣ ከግማሽ በላይ ቀብድ አትስጡ። ቀሪውን ባሕር ዳር ከወረዳችሁ በኋላ ክፈሉ። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ጀልባው ጠዋት አድርሷችሁ እዚያው ይጠብቃችሁ፤ ነፋሱ ሳይነሣም ተመለሱ።