ሱሉልታ አካባቢ መኪናችሁ እየሞቀች ለተቸገራችሁ፦ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ

ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶች። ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። ሱሉልታ ውስጥ፣ ከጎጃም መንገድ አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ አለች። ባለቤቷ ዕድሜያቸው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በዚሁ መስመር የጭነት መኪና ሲጠግኑ ነው የኖሩት። ምክንያቱን ሳያገኙ ብሎን አይነኩም።

የእኔዋ የቆየች ኮሮላ ናት። ከአዲሱ ገበያ ተነስቼ የእንጦጦን ዳገት ስይዝ የሙቀት ቀስቷ መውጣት ትጀምራለች። አናቱ ላይ ስደርስ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ይትጎለጎላል። ውሃ ትጨርሳለች፣ ግን ካቆምኳት ቦታ ጠብታ አይታይም። ከተማ ውስጥ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ ገና በቅጡ ሳያያት "ጓርኒሲዮን በልታለች፣ ቴስታታው ይውረድ" አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በታችኛው መካከል ያለው ማሸጊያ። ዋጋውን ሲነግረኝ ዕቁቤ ትዝ አለኝ። እሱም ገና አልደረሰኝም።

ጋሼ ጋ ስሄድ መጀመሪያ የተመረመርኩት እኔ ነኝ። "ልጄ፣ የምትሞቀው ዳገት ላይ ነው ወይስ ትራፊክ ይዞሽ ስትቆሚ?" "ውሃው በስንት ጊዜ ይጎድላል?" "ካጠፋሻት በኋላ ሲንተከተክ ትሰሚያለሽ?" ጥያቄው ለወሬ አልነበረም። ቆማ የምትሞቅ፣ ስትሄድ ግን የምትቀዘቅዝ መኪና ከሆነች ጥርጣሬው የራዲያተሩ ፋን ላይ ነው። ስትሄድ ንፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራላታላ። ዳገት ላይ ከሆነ ግን ራዲያተሩ፣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው)፣ የውሃ ፓምፑና ውሃው ራሱ ይጠየቃሉ።

ከዚያ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቁኝ። የዘይቱን ክዳን ከፍተው ውስጡን በጣታቸው ጠረጉና አሳዩኝ። ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቶ ቢሆን ወተት የገባበት ቡና ይመስል ነበር። የእኔው ጥቁር ነው፣ ንጹህ። ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልተው፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን አስነሱና አጎንብሰው ያዩ ጀመር። ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ቢሆን ከሲሊንደር የሚያመልጠው ጋዝ አረፋ እየሆነ በላይ በላዩ ይወጣ ነበር። እኔም አብሬ አጎነበስኩ። ውሃው ዝም ብሏል።

ቀጥሎ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ አመጡ። የራዲያተሩ አፍ ላይ ገጥመው እስከ 0.9 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ነፉት። የመለኪያው ቀስት እዚያው እንደቆመ ቀረ፣ ንቅንቅ የለም። "የሚያፈስ ነገር የለሽም" አሉኝ። ከዚያ ያንኑ ፓምፕ ክዳኑ ላይ ገጠሙት። ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ ተጽፏል። ግማሹን እንኳን ሳይዝ እስስ ብሎ አየሩን ለቀቀ። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ስፕሪንጉ ዝሏል። ይኸው ነው ጉዱ!

እዚህ ላይ ያስረዱኝን ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ደጋ የምንኖር ሰዎችን በጣም ይመለከታል። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባህር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። ሞተር በጤናውም ሲሠራ ሙቀቱ 90 አካባቢ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት አፍኖ ካልያዘ፣ ምንም ያልታመመ ሞተር ውሃውን ሊያፈላው ይችላል። ደህና ክዳን ካለ ግን ውሃው ከ110 ዲግሪ ሳያልፍ አይፈላም። የእኔ ውሃ እየፈላ ወደ መጠባበቂያው ጠርሙስ ይገባል፣ ሞልቶ መንገድ ላይ ይፈሳል። ወደ ራዲያተሩ መመለሻዋ ቀጭን ጎማም ተሰንጥቃ ኖሮ ውሃውን ትታ አየር ትስባለች። ለካ እቤት በር ላይ ጠብታ ያጣሁት ለዚህ ነው።

ሌላውንም አልዘለሉም። አዲስ ክዳንና ጎማ ገጥመው ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቁ። የታችኛውን የራዲያተር ጎማ እየዳሰሱ ቴርሞስታቱ መክፈቱን አረጋገጡ፣ ፋኑም በራሱ ተነሳ። የቧንቧውን ውሃ ደፍተው ኩላንት፣ ያንን በብርድ የማይረጋውን የራዲያተር ፈሳሽ፣ ሞሉልኝ። "እኛ ሀገር በረዶ የለም፣ ምን ያደርጋል?" ብላቸው ሳቁብኝ። ለዝገቱ ነው አሉ። ሒሳቡን ስሰማ ተሳስተው መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኳቸው። ዳገቱን አሁን ስወጣ ቀስቷ ከመሀል አትነቃነቅም።

ክዳን ስትገዙ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። ከሶማሌ ተራ ብዙ ደህና ዕቃ ይገኛል፣ ያገለገለ ክዳን ግን አትግዙ ብለዋል። ስፕሪንጉ መዛሉ በዓይን አይለይም።

እንከንም ልንገራችሁ። እጃቸው ግራሶ ስለማይለየው ስልክ አያነሱም። እሁድና ሚካኤልን አይከፍቱም። ወረፋ አለ። በኮምፒውተር የሚታይ ችግር ያለባት አዲስ መኪና ከሆነች ደግሞ "ማሽኑ የለኝም" ብለው ወደ ሌላ ይልኳችኋል። እኔ ይሄንንም ወድጄላቸዋለሁ።

ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ አቅጣጫውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሂዱ። እንደሞቀች ካደረሳችኋት ሻይ ያስመጡላችኋል እንጂ ክዳኑን አይነኩትም።