አካውንቲንግ ሳላውቅ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት የወሰድኩት የአራት ሳምንት ኮርስ

ትምህርት ቤት ሳለሁ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። ዴቢትና ክሬዲት የሚሉትን ቃላት የማውቃቸው ከባንክ መልእክት ስለሆነ፣ ክሬዲት ማለት ገንዘብ ገባ ማለት ይመስለኝ ነበር። የዝግጅት ኮርሱ መምህርት በመጀመሪያው ቀን ያቃናችልን ይህንን ነው። ባንኩ የሚነግረን ከራሱ መዝገብ ተነስቶ ነው፤ ያስቀመጥነው ገንዘብ ለእሱ ዕዳ ስለሆነ በክሬዲት ይጨምራል። በእኛ መዝገብ ግን ሀብት ነውና በዴቢት ይገባል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቃላት ተምታተውብኝ አያውቁም።

ሀብት ከዕዳና ካፒታል (የባለቤቱ ድርሻ) ድምር ጋር እኩል ነው የሚለው ቀመር ላይ ሳምንት ሙሉ ቆየን። ምን እንደጨመረና ምን እንደቀነሰ በቃል ሳንናገር እስክሪብቶ እንድናነሳ አትፈቅድም ነበር። ትሪያል ባላንስ፣ ማለትም የዴቢትና የክሬዲት ድምሮች እኩል መሆናቸው የሚታይበት ዝርዝር፣ አልገጥም ሲለን ደግሞ ልዩነቱን ለ9 እንድናካፍል አስተማረችን። 5,400ን 4,500 ብሎ የጻፈ ሰው ልዩነቱ 900 ይሆናል፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቦታ የተለዋወጡ አኃዞች ሊኖሩ ይችላሉና እነሱን ፈልጉ ትለን ነበር። ፈተና ላይ ስንቴ አውጥቶኛል!

ቅር ያሰኘኝ የማስተካከያ ምዝገባ፣ ማለትም ገቢና ወጪን ገንዘቡ በተከፈለበት ሳይሆን በሚመለከታቸው ጊዜ መመዝገብ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት መታጨቁ ነው። የዓመት ኢንሹራንስ 12,000 አስቀድሞ ተከፍሎ ሦስት ወር ሲያልፍ፣ 3,000ው ወጪ ሆኖ 9,000ው ገና ሀብት ነው። አሁን ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ላይም ነጥብ የጣልኩት እዚሁ ነው።

የዶርም ጓደኛዬ አካውንቲንግን በትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምሮ ነው የመጣው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት እኔን የሚያስጠናኝ እሱ ነበር፤ ጆርናል (የዕለት ሒሳብ መዝገብ) ሲጽፍ እጁ አይቆምም። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» እያለ ክፍል መቅረት ጀመረ። ማስተካከያ ላይ ስንደርስ ግን ገንዘብ ካልወጣ ምን ወጪ አለ ብሎ ድርቅ አለ። የተማረው ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ መመዝገብን ብቻ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ለምን ብሎ እንዲጠይቅ ያስለመደው ስላልነበረ በጣም አዘንኩለት።

አካውንቲንግ ያልተማራችሁ ይህን መሰል ኮርስ ካገኛችሁ ሳታመነቱ ውሰዱ። የተማራችሁም የመጀመሪያውን ሳምንት አትዝለሉት። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ለማስተካከያ ምዝገባ ስንት ቀን እንደተመደበ ጠይቁ፤ ሁለት ቀን ካሏችሁ እንዲጨምሩ ወትውቱ።