ማራኪና ፒያሳን የሚያገናኘውን መስመራችንን ላስተካከለልን ባለሙያ

ጎንደር ውስጥ ማራኪና ፒያሳ ያሉት ቢሮዎቻችን በፋይበር ይገናኛሉ፤ ራውተሮቹ የሚነጋገሩት በኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚመርጡበት ፕሮቶኮል) ነው። መስመሩ በቀን ደጋግሞ እየጠፋ ይመለስ ነበር። የችግሩን ሥር ፈልጎ ላገኘልን የኔትወርክ ባለሙያ ምስጋናችን ከልብ ነው፤ እግዜር ይስጥልን!

ኬብል ከመንካቱ በፊት "ሾው ሎጊንግ" በሚለው ትእዛዝ የራውተሩን ሎግ (የክስተት መዝገብ) ከፍቶ የሰዓቱን ቅደም ተከተል አነበበ። መጀመሪያ ኢንተርፌሱ (ራውተሩ ላይ ኬብሉ የሚሰካበት በር) ዳውን ብሎ ጎረቤት ራውተሩ ቀጥሎ ከጠፋ፣ ጥፋቱ እዚያው ፖርቱና ኬብሉ ዘንድ ነው። ኢንተርፌሱ አፕ እንደሆነ ጎረቤቱ ብቻ ከጠፋ ግን ሄሎው (ራውተሮቹ "አለሁ" የሚባባሉበት አጭር መልእክት) መንገድ ላይ እየቀረ ነው። የእኛ ሁለተኛው ነበር። በሁለቱም ጫፍ ራውተሩና ፋይበሩ መሃል ሚዲያ ኮንቨርተር (የፋይበሩን ብርሃን ወደ ኬብል ሲግናል የሚቀይር ሣጥን) አለ፤ ፋይበሩ ቢቋረጥም ከኮንቨርተሩ ወደ ራውተሩ የሚመጣው አጭር ኬብል እንደበራ ይቆያል። ስለዚህ ራውተሩ መቋረጡን የሚያውቀው በየ10 ሴኮንዱ የሚጠብቀው ሄሎ ለ40 ሴኮንድ ሲቀርበት ነው። እስከዚያ የሚላከው ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ብርሃኑን በፓወር ሜትር ሲለካው -23 ዲቢኤም ሆነ (ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ብርሃኑ ደካማ ነው)። የ1 ጊጋ ኤልኤክስ (የእኛ ዓይነት የፋይበር መስመር) መቀበያ ግን ከ-19 በታች አያስተማምንም። ኮኔክተሩ አቧራ ይዟል፣ ፓች ኮርዱም (አጭሩ የፋይበር ገመድ) ከዕቃ መደርደሪያው ከራኩ ጀርባ በጣም ታጥፏል። አንዱን አጸዳ፣ ሌላውን ቀየረ፤ ንባቡ -11 ሆነ።

በዚህ አላበቃም። ኮንቨርተሮቹ ላይ ያለችውን የሊንክ ፎልት ፓስ ትሩ (የአንዱን ወገን መቋረጥ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ) ማብሪያ አበራት፤ አሁን ፋይበሩ ቢቋረጥ የራውተሩም ኢንተርፌስ ወዲያው ዳውን ይላል፣ ኦኤስፒኤፍም 40 ሴኮንድ ሳይጠብቅ ወደ መጠባበቂያው መስመር ያዞራል። በሌላ በኩል ኢንተርፌስ በወደቀና በተነሳ ቁጥር ሁሉም ራውተር መንገዱን እንደገና ያሰላል። ለዚህም በሲስኮ ራውተሮቹ ላይ ዳምፕኒንግ (ደጋግሞ የሚወድቅን ኢንተርፌስ ለጊዜው የሚያገል ቅንብር) አስገባ፦ በወደቀ ቁጥር 1000 ነጥብ ይያዝበታል፤ ድምሩ 2000 ሲያልፍ፣ ነጥቡ በጊዜ እየቀነሰ ወደ 1000 እስኪወርድ ድረስ ሩቲንጉ (መንገድ መራጩ) ኢንተርፌሱን ዳውን አድርጎ ይቆጥረዋል።

የሄሎውን ሰዓት አለማሳጠሩን በተለይ ወደድንለት። ማሳጠር ሕመሙን ሳያድን ይሸፍናል፤ በሁለቱ ጫፎች እኩል ካልተደረገም ጉርብትናው ጨርሶ አይመሠረትም።

ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። እስኪመጣ ግን ራውተሩን አጥፍታችሁ አታብሩት፤ ሚሞሪ ላይ ያለው ሎግ አብሮ ይጠፋል።