የተጠናከረ የዲፈረንሻል ክዳን ለምትገዙ፦ «እስኪፈስ ይሞላል» ሲሏችሁ እጃቸውን ያዙ

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ እየወረድሁ ሳለሁ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ከፊቴ የሚያቃስተው የጭነት መኪና ነው ብዬ ናቅሁት። ሁለት መታጠፊያ እንደወረድሁ ግን ፍሬን በያዝሁ ቁጥር መኪናዬ ወደ ግራ ይስበኝ ጀመር። ጥግ ይዤ ወርጄ ሳይ የቀኝ የኋላ ጎማዬ በውስጥ በኩል በዘይት ተለውሷል። ከኋላ ስምንት ኩንታል የቢቸና ጤፍ ጭኛለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ዓይነት ቁልቁለት እንደሚቀር በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ያ ዘይት ከዲፈረንሻሉ፣ የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያከፋፍለው የጥርስ ቤት፣ የመጣ ነው። ከአራት ቀን በፊት ባሕር ዳር «የተጠናከረ» የተባለ ክዳን አስገጥሜ ነበር። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ያንኑ ዕቃ ሌላ ቦታም ተሰቅሎ ስላየሁት አንድ ሱቅ ብትሸሹ ከሌላው አታመልጡም።

መኪናዬ አሮጌ ላንድሮቨር 110 ፒክአፕ ነው፤ የኋላ ዲፈረንሻሉ ሳልስበሪ የሚባለው፣ ክዳኑ ከኋላ በአሥር ቡሎን የሚታሰረው ዓይነት። የፋብሪካው ክዳን ስስ ቆርቆሮ ነው። ድንጋይ ሲያገኘው ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ክፉኛ ከተመታም ኮሮናውን (ውስጥ የሚዞረውን ትልቁን ባለ ጥርስ ቀለበት) እስከ መንካት ይደርሳል። የእኔው በገጠር መንገድ ሁለት ጊዜ ተመትቷል። ስለዚህ ወፍራም ክዳን በመፈለጌ አልጸጸትም። ጸጸቴ የሻጩን ምርቃት ማመኔ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ይህ ኮሮናና ፒኞኑን ያጠነክራል፤ ዘይትም አብዝቶ ስለሚይዝ ዲፈረንሻሉ አይሞቅም» አለኝ። (ፒኞን ማለት ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ ነው።) የሁለት ኩንታል ጤፍ ዋጋ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ድንጋይ መከላከሉ እውነት ነው። የቀረው ግን ወሬ ነው። በዚህ ዲፈረንሻል ውስጥ የጥርሶቹን ጫና የሚሸከሙት ኩሽኔታዎቹ (ዘንግ ያለ ብዙ ፍትጊያ የሚዞርባቸው ቀለበቶች) እና ኩሽኔታዎቹ የተቀመጡበት ቤት ናቸው። እኔ የገዛሁት ክዳን እነርሱን አይደግፍም፣ አይነካቸውምም። ክዳኑ ስለወፈረ ውስጥ ያለው ጥርስ አይወፍርም።

ወደ ዘይቱ ልምጣ። የአዲሱ ክዳን መሙያ ቀዳዳ ከድሮው ከፍ ብሎ የተበሳ ነው። አብሮት የመጣ የመመሪያ ወረቀት የለም። የመኪናው መመሪያ ለዚህ ዲፈረንሻል 2.3 ሊትር ይላል። የሱቁ ልጅ አራተኛውን የአንድ ሊትር ጠርሙስ ሲከፍት ጊዜ «አልበዛም?» አልሁት። «ጋሼ፣ የዲፈረንሻል ሕጉ በቀዳዳው እስኪፈስ ነው» አለኝ። ሕጉስ ልክ ነው፤ ነገር ግን የወጣው ለፋብሪካው ቀዳዳ ነው። ማንም ብረት ቀራጭ በፈለገበት ቦታ ለበሳው ቀዳዳ አይሠራም።

ኮሮናው የታችኛው ክፍሉ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይዞራል፤ ሲዞርም ዘይቱን አንሥቶ ወደ ፒኞኑ ኩሽኔታዎች ይወረውራል። ፋብሪካው የቀዳዳውን ከፍታ የወሰነው ይህንን አስቦ ነው። ዘይቱ ከዚያ ከፍታ ሲያልፍ ኮሮናው እንደ ወተት ይንጠዋል። ከሚናጥ ዘይት ቅቤ አይወጣም፤ የሚወጣው አረፋና ሙቀት ነው። አረፋ ደግሞ ጥርስን ከጥርስ አያላቅቅም። አይሞቅም የተባልሁት ዲፈረንሻል በእጅ የማይነካ ሆኖ ያገኘሁት ለዚህ ነው። የሞቀው ዘይት ይሰፋና በመተንፈሻው ሊወጣ ይሞክራል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ (በጎጃም ክረምት ያልተደፈነ ካለ ያሳዩኝ) ግፊቱ ሁሉ ኦይል ሲሉ ላይ (ዘይቱ ወደ ጎማው እንዳያልፍ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት ላይ) ያርፋል። ጠመዝማዛ መንገድ ሲጨመርበት ከልኩ ያለፈው ዘይት በአክስሉ ቱቦ ውስጥ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ሲሉን ይገፋዋል። ከሲሉ ወዲያ የጎማው ኩሽኔታ፣ ከእርሱ ወዲያ የፍሬን ሸራው ነው። ሸራ አንዴ ዘይት ከጠጣ መቀየር እንጂ ማጠብ አያድነውም።

«እንግዲያውስ መመሪያው ያለውን 2.3 ሊትር ለክቼ እጨምራለሁ» የሚልም ይኖራል። እርሱም ሌላ ጉድጓድ ነው። አዲሱ ክዳን ሆደ ሰፊ ከሆነ ያው 2.3 ሊትር ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ፒኞኑ ጋ የሚደርሰው ዘይት ያንሳል፤ መጀመሪያ የሚነደውም የእርሱ ኩሽኔታ ነው። መለኪያችሁ የድሮው ቀዳዳ ከፍታ ብቻ ይሁን።

ይህንን ያስተማረኝ ወደ ደጀን ተጎትቼ ከተመለስሁ በኋላ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ነው። መኪናውን ገና ሳይነካ «ልጄ፣ የድሮውን ክዳን ጥለኸዋል?» አለኝ። ደግነቱ ከወንበሩ ጀርባ ነበር። አዲሱን ፈቶ ሁለቱን በቡሎን ቀዳዳቸው ገጣጥሞ አቆማቸው፤ የአዲሱ መሙያ በሁለት ጣት ይበልጣል። ሲሉንና ሸራውን ቀየረ፣ ክዳኑን መልሶ አሰረ፣ መኪናውን ለጥ ያለ ሜዳ ላይ አስቆመ። አንድ ሽቦ አጥፎ ከአዲሱ ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ሁለት ጣት ወደ ታች ለካና ምልክት አደረገበት። ከዚያ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ፣ ወፍራሙ ዘይት እስኪረጋ እየጠበቀ፣ በሽቦው እየለካ ሞላው። የገባው 2.7 ሊትር ያህል ነው። ባሕር ዳር ግን አራት ጠርሙስ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው።

ሜዳው ላይ መቆሙ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የመኪናው አፍንጫ ዝቅ ካለ ዘይቱ ወደ ፒኞኑ ስለሚሄድ ቀዳዳው እስኪደርስ ብዙ ይጠጣል፤ አፍንጫው ከፍ ካለ ደግሞ ሳይሞላ የሞላ ይመስላል። የክዳኑን ዙሪያ የሚያሽገው ሲሊኮንም ቱቦው ላይ የተጻፈለትን ሰዓት ሳይደርቅ ዘይት አይጨመርም። የእኔው በተቀባ በሩብ ሰዓት ስለተሞላ በታችኛው ቡሎን ገና ከዚያው ዕለት ጀምሮ ያንጠባጥብ ነበር፤ ያንን አይቼ ዝም ማለቴ የራሴ ጥፋት ነው።

ወደ ሱቁ ስመለስ «እኛ ክዳን ሸጥን እንጂ ፍሬንህን አልነካንም» ተባልሁ። ደረሰኜ ላይ የተጻፈው «መለዋወጫ» የሚል አንድ ቃል ነው። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ምን እንደገዛሁ የማይናገር ደረሰኝ ይዤ ምን ብዬ ልከራከር? ክዳን ስትገዙ የዕቃው ዓይነት፣ የተገጠመለት መኪናና የዘይቱ መጠን ደረሰኙ ላይ በስሙ ይጻፍላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊትም የድሮውን ክዳን አስፈትታችሁ ከአዲሱ ጎን አቁሙት፤ ቀዳዳቸው ካልተስተካከለ ሻጩ ልዩነቱን በጣትም ቢሆን ለክቶ ይንገራችሁ። መልስ ከሌለው ውጡ።

ብዙ ተጨቃጭቄ የተመለሰልኝ የትርፉ ዘይት ዋጋ ብቻ ነው። ክዳኑ አሁንም መኪናዬ ላይ አለ፤ ከመሙያው ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ በነጭ ቀለም መስመር አስምሬ «እስከዚህ» ብዬ ጽፌበታለሁ።