ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር ያላችሁ ተክለሃይማኖት ያለውን ይህን ጋራዥ ሞክሩት

መጀመሪያ ችግሩን ልንገራችሁ። ሞተር ሳይክሌ 125 ሲሲ ነው። የሕንድ ሥራ፣ ባለ ካርቡሬተር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። አራት ዓመት ነድቼዋለሁ። እንጀራዬም እሱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ካዛንቺስ ዕቃ አደርስበታለሁ። ጠዋት አንዴ ስረግጠው ይነሳል። እስከ 5 ሰዓት ምንም አይለውም። ፀሐይዋ ከረር ስትልና መንገዱ ተዘጋግቶ ሄድ ቆም ማለት ሲጀመር ግን ሁለት ሦስቴ ይንተፋተፍና ቀጥ ይላል። ከዚያ ብረግጠው ብገፋው አይነሳም። ጥላ ፈልጌ ሃያ ደቂቃ ካቆምኩት ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ነድቼ ደግሞ ያው።

የጀመረው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። መጋቢት ላይ ባሰበት። አንድ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስወጣ ፖስታ ቤቱ አካባቢ መሃል መንገድ ላይ ጠፋብኝ። ከኋላዬ የነበረው አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ቀን ነው ይህ ነገር የገንዘብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

እዚህ ጋራዥ ከመድረሴ በፊት ሁለት ቦታ ሄጃለሁ። ስማቸውን አልጠራም። አንደኛው ገና ሳያየው «ካርቡሬተር ነው» አለ። አጠበው፣ ካንዴላ ቀየረ፣ 900 ብር ተቀበለኝ። ሁለተኛው ሲዲአይ፣ ማለትም የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ቀየረልኝ፤ እሱ ደግሞ 2,400 ብር። ሁለቱም ጋ ሞተሩን የወሰድኩት ጠዋት፣ ቀዝቅዞ እያለ ነው። አስነሱት፣ ነዳጅ ሰጡት፣ «ይኸው ሰላም ነው» አሉኝ። ሰላምማ ነው! እኔ መች ጠዋት ይጠፋብኛል አልኩ?

ተክለሃይማኖት ያለውን ያገኘሁት አብሮኝ የሚቆም አንድ ሞተረኛ ነግሮኝ ነው። መካኒኩ ድሮ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ጋ ነበር የሚሠሩት፤ ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ወደዚህ ወረዱ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ተክለሃይማኖት ስትወርዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ታፔላ የለውም። በቆርቆሮ የተከለለች ቦታ ናት፤ አራት ሞተር ካቆማችሁባት ሞላች። ስድሳዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንዲያው እላለሁ። ሁለት ልጆች አብረዋቸው ይሠራሉ።

ሞተሩን ሳይነኩት ነው የጠየቁኝ።

«ሲጠፋ እየደከመ ነው ወይስ በአንዴ?»

«ትንሽ ይንተፋተፍና በአንዴ ነው ጋሼ።»

«ሲጠፋብህ የታንኩን ክዳን ከፍተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ቤንዚኑን ከማደያ ነው የምትቀዳው ከጀሪካን?»

«ሰልፉ ሲበዛ ከጀሪካንም ገዝቼ አውቃለሁ።»

ከዚያ ያሉኝ ነገር ነው ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ። «በል አሁን ሂድና አሙቀኸው ና። የሚጠፋው ሲሞቅ ከሆነ ቀዝቅዞ ምኑን አየዋለሁ?» አሉ። አንዱን ልጅ ከኋላ አስቀምጠው ላኩን። በአብነት ዞረን፣ ሜክሲኮ ደርሰን፣ ሰባት ሰዓት አካባቢ በዚያ በተጨናነቀ መንገድ ተመለስን። አላጠፋነውም። ነፋስ እንዳያገኘው በሩ ላይ ፀሐይ መሃል በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጡት እየሠራ አቆሙት። አሥራ ስምንት ደቂቃ ቆየ። ተንተፋተፈ፣ ጠፋ። ጋሼ «አሁን መጣ» ብለው ተነሡ።

መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ከፈቱ፤ ሲከፍቱት ጆሯቸውን አስጠግተው ነበር። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ ሲጎድል በእሱ ቦታ አየር መግባት አለበት። ቀዳዳዋ በአቧራ ከተደፈነች ታንኩ ውስጥ አየር ያጥርና ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ክዳኑን ስትከፍቱ «ፍስስ» ካለና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ ችግራችሁ እሷ ናት፤ በመርፌና በትንፋሽ ትጸዳለች። ከተማው በሙሉ እየተቆፈረ ባለበት በዚህ ጊዜ ይህን ማየት ግድ ነው። የእኔው ግን ድምፅም አላሰማ፣ አልተነሳም።

ቀጥሎ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ላላ አድርገው ቤንዚኑን በሃይላንድ ተቀበሉት። እየጎረፈ ወረደ። ወደ ፀሐይ ይዘው አዩት፤ ሥሩ ላይ ውሃ የለም። አንድ ነገር ግን አገኙ። የቤንዚኑ ጎማ ተጣሞ ሲሊንደሩን ነክቶ ነበር። ያቺን ቀና አድርገው አሰሯት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ እንኳ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቤንዚንም ከፍታ ላይ ቶሎ ይተናል። ጎማው ከጋለ ብረት ጋር ከዋለ ውስጡ ቤንዚኑ ተኖ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። አየሩም ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ቆላ አየር አያቀዘቅዘውም። እኛ «ሙቀቱ እኮ 26 ዲግሪ ነው፣ ድሬዳዋ አይደለንም» እንላለን። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ግን ካልሄደ ነፋስ አያገኝም። ለሞተሩ ከፀሐይዋ ይልቅ የሜክሲኮ መጨናነቅ ነው የሚብሰው።

ሃይላንዱን ከድነው አርቀው አስቀመጡ፤ የታንኩንም ክዳን ገጠሙ። እሳት ሊፈትሹ ነዋ። ካንዴላውን ፈተው ከነኮፍያው የሞተሩን ብረት አስነኩትና ልጁን «እርገጥ» አሉት። ረገጠ። ምንም። ደገመ። ምንም። ጫፉ ላይ አንዲት ብልጭታ የለችም። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይዟል። «ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፣ እሱን ሌላ ቀን እናየዋለን» አሉኝ። ሁለት ችግር አንድ ላይ አለመነካካታቸው ደስ ብሎኛል።

እርጥብ ጨርቅ ቦቢናው ላይ፣ ለካንዴላው ኃይል በሚያመነጨው ጥቅል ላይ፣ ጣሉበት። ቀዘቀዘ፣ ልጁ ረገጠ፣ እሳት የለም። ስለዚህ ቦቢናው አይደለም። ከዚያ ከሞተሩ የግራ ጎን ከሚወጡት ሽቦዎች ሁለቱን ነቅለው ቢጫዋን ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ ሰኩባቸው። ቴስተሯ በግራ በኩል «1» ብቻ ጻፈች። «ይህ ማለት ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው» አሉኝና ቴስተሯን እንደተሰካች መቀመጫው ላይ አስቀምጠው ሻይ አዘዙ። እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም። ሞተሩ እየቀዘቀዘ ነው፤ ብረቱ ቅዝቅዝ ሲል ጠቅ ጠቅ ይላል። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን «1» ተንቀጠቀጠችና ጠፍታ 214 የሚል ቁጥር መጣ፤ ሽቦው ተገናኘ ማለት ነው። «አሁን እርገጠው» አሉ። ሽቦዎቹንና ካንዴላውን መልሰው ሲገጥሟቸው በአንድ እርግጫ ተነሳ። አንድ ወር ሙሉ ያስለቀሰኝን ነገር በዓይኔ አየሁት።

ነገሩ ይህ ነው። ፒካፕ የሚሏት አውራ ጣት የምታክል ጥቅል ሽቦ አለች። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ለሲዲአይ «አሁን እሳት ስጥ» የምትለው እሷ ናት። ሽቦዋ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። አንድ ቦታ ስንጥቅ ካለው ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፤ ሲግል ብረቱ ይለጠጥና ይለያያል። ጠዋት የሄድኩባቸው ሁለቱም ጋ ያልታየው ለዚህ ነው፤ ጠዋት ችግሩ አልነበረማ።

ዕቃውን ራሴ ከመርካቶ ነው የገዛሁት። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ዕቃ እንዳልገዛ አጥብቀው ነግረውኝ ነበር፤ አሮጌዋን ይዤ ሄጄ አመሳስዬ አዲስ በ1,700 ብር ወሰድኩ። እሷንም ዝም ብለው አልገጠሟትም። ቀዝቃዛ እያለች ለኳት፤ 208። ከዚያ ፀሐይ ላይ የጋለ ቆርቆሮ ላይ አስቀምጠው ቆይተው ደግመው ለኩ፤ 226። መዳብ ሲሞቅ ትንሽ መጨመሩ ጤነኛ ነው አሉኝ፤ ዋናው አለመቆረጧ ነው። የገዛሁትን ሲዲአይ አውጥተው የድሮውን መለሱና ሞከሩት። ይሠራል። አዲሱን ጠቅልለው «መጠባበቂያ አድርገው» ብለው ሰጡኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይተወው ነበር፣ እኔም አላውቅም ነበር።

ሞተሩን አሳድረውታል። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ስለሆነ ነው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጠብቆ አገኙት። የጠበቀ ቫልቭ ሲግል ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ ሞቆ የጠፋ ሞተርንም ለማስነሳት ያስቸግራል። እሱን አስተካከሉት። የእጅ ዋጋ በጠቅላላ 1,500 ብር።

ያልወደድኩትንም ልናገር። ስልክ አያነሱም፤ አምስት ጊዜ ደውያለሁ። ደረሰኝ የለም። ሞተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች የሚቀመጡበት ጥላ የለም፤ ፀሐይ ላይ ነው የቆምኩት። «ነገ 4 ሰዓት» ተብዬ የጨረሱት 9 ሰዓት ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ማለት ይቻላል አመለጠኝ። አንደኛው ልጅ የጎን መሸፈኛውን ሲመልስ አንድ ብሎን ረስቷል። ቤት ደርሼ ነው ያየሁት። በማግስቱ ስሄድ ጋሼ ይቅርታ ጠይቀው ራሳቸው አሰሩልኝ፤ ልጁን ግን ሰው ፊት አልጮሁበትም፣ ወደ ጎን ወስደው ነው ያናገሩት። ካርቡሬተር የሌለው፣ ኢንጀክሽን ሞተር ያላችሁ ደግሞ ባትደክሙ ይሻላል፤ «እሱ የእኔ ሥራ አይደለም» ብለው በግልጽ ይመልሷችኋል።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለስልኩና ለቀጠሮው ነው፤ በሥራው አይደለም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከ6 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ሞተሩን እየነዳችሁ፣ አግላችሁ። ሲጠፋ ስንት ደቂቃ እንደነዳችሁና ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚነሳ ጽፋችሁ ያዙ፤ ችግሩን ለማግኘት ይረዳቸዋል። እሑድ ዝግ ናቸው።

ከተሠራ ሦስት ሳምንት ሆነው። ባለፈው ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት ያንኑ ዳገት ወጣሁት። መንገዱ ተዘግቶ አራት ቦታ ቆሜያለሁ። ፖስታ ቤቱ ጋ ስደርስ እጄ ሳላስበው ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ነበር። አልጠፋም። ካንዴላው ግን አሁንም ይጠቁራል። ለእሱ የሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የሚሉኝን እዚሁ እጨምርበታለሁ።